ትምህርት ቤቱ፣ ገበያውና ከበሮው

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)





ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ሁልጊዜ ስለምንነጋገር ዛሬ ስለ ጎረቤታችን ስለ ኩሌ ጥቂት ልበል። እንደሚታወቀው በደቡብ ሱዳን በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ ብዙ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ መጣ። የኩሌ መጠለያም በኢታንግ ልዩ ወረዳ በግንቦት 2006 ዓ.ም. ተከፈተ። አብዛኞቹ ነዋሪዎቹ ኑዌሮች ናቸው። በወረዳው ደግሞ ኑዌር፣ አኙዋክና ኦፖ አርሶ አደሮች ይኖራሉ። ማገዶውም፣ ሣሩም፣ ውኃውም የጋራ በመሆኑ ቅሬታ መነሳቱ አይቀርም። ቅሬታው ወደ ጠብ እንዳያድግ ሦስት ነገሮች ይረዱናል።

አንደኛው ትምህርት ቤት ነው። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛው በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንደ ዜጋ እንዲስተናገድ ደንግጓል። አብረው የተማሩ ልጆች ነገ በገበያ ሲገናኙ እንግዳ አይሆኑም። በእኛም ሥራ ቢሆን የዘር ከረጢቱን ጽሑፍና የሚዛኑን ቁጥር ለወላጁ የሚያነብለት ተማሪው ልጅ ነው።

ሁለተኛው አነስተኛ ንግድ ነው። ይኸው አዋጅ ስደተኞች በግብርና፣ በእደ ጥበብና በንግድ እንዲሰማሩ ይፈቅዳል። ሻይ ቤት የከፈተች እናት ስኳር፣ ወተትና ከሰል ትገዛለች። ወፍጮ ቤት ሲኖር በቆሎና ማሽላ ገዢ ያገኛል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ለስደተኞች የሚታደለው እህል ለወራት ሲቋረጥ ትምህርቱ ግልጽ ነበር፤ በእርዳታ ብቻ የቆመ ገበያ እርዳታው ሲቆም ይወድቃል። አርሶ አደሩም ደንበኛውን ያጣል።

ሦስተኛው ሙዚቃ ነው። አንዳንዶቻችን እንደ ጨዋታ ብቻ እናየዋለን። ነገር ግን በስብሰባ የማይመጣ ወጣት ከበሮ ሲመታ ይመጣል። በአውራ ጣት የሚመታውን ቶምን እዩት፤ አኙዋኩም ኑዌሩም ይጫወተዋል። አንዱ የሌላውን ዜማ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ማግስቱን ስለ ግጦሽ መነጋገር ይቀላል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሰባተኛው ዓለም አቀፍ መርህ ለማኅበረሰብ መቆርቆር ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤያችን ሦስት ነገር እንዲያይልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከትርፋችን ጥቂቱ ለደብተርና ለመቀመጫ ይዋል፤ ከኩሌ ነጋዴዎች ጋር ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ የእህል ሽያጭ ይጀመር፤ በሚቀጥለው ዓመት በዓላችን ላይም የሁሉም ወገን ወጣቶች በአንድ መድረክ ይጫወቱ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።