ጥቅል ጎመን በዶሮ እግር

ጥቅል ጎመን በዶሮ እግር ቆሞ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይህን ቅርፅ የሠሩት ፈረንሳዊቷ ቀራፂ ክሎድ ላላን ናቸው።

ክሎድ ከባለቤታቸው ከፍራንሷ ዣቪዬ ጋር ይኖሩ የነበሩት በፎንቴንብሎ አቅራቢያ በምትገኘው በኡሪ መንደር ነው። ባልየው እንስሳ ይወዱ ነበር፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ያሳዩት የበግ መንጋ ቅርፅ ሰው የሚቀመጥበት ነው፤ በጎቹ እውነተኛ የበግ ፀጉር ለብሰዋል፤ ከእግራቸው ሥር ደግሞ ጎማ አላቸው።

ሚስትየው ግን ልባቸው ከዕፅዋት ጋር ነበር፤ እውነተኛ ቅጠሎችን ወደ ብረት ይለውጡ ነበር። ታዲያ ቅጠል እንዴት ብረት ይሆናል? መጀመሪያ እውነተኛው ቅጠል ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ተደርጎ ይዘጋጃል። ቀጥሎ የመዳብ ጨው በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። መዳቡ ቀስ በቀስ ቅጠሉን ያለብሰዋል። ሲወጣ እያንዳንዱ ጅማት፣ የጠርዙ እጥፋት እንኳ ሳይቀር፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«የጎመን ራስ ያለው ሰው» የተባለውን ሌላ ሥራቸውን ድምፃዊው ሰርዥ ጌንዝቡር ገዝቶ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ላወጣው አልበም ስሙን ከዚያው ወስዷል።

ክሎድ ላላን በ2019 እ.ኤ.አ. አርፈዋል። ሥራቸው ያሳየን ነገር ቢኖር፣ ሥነ ጥበብ ቁም ነገር ለመሆን የግድ ፊቱን መቋጠር እንደሌለበት ነው።