«ተጨማሪ ምርመራ» ሲባል አንደንግጥ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ገለጻ)



እንደምታውቁት ከጡታቸው እብጠት ናሙና ተወስዶ «ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል» የተባሉ እህቶች በመካከላችን አሉ። ወሬው ወዲያው «በቃ፣ አለቀላት» ሆነ። አንዷ ደንግጣ ውጤቷን ሳትወስድ ቀረች። ልናበረታታት ሲገባ አብረናት ማልቀሳችንን አንክድም። ከወራት በኋላ በጎረቤት ልመና ሄዳ ሕክምናዋን ጀምራለች። ያ ጊዜ ግን በከንቱ ባከነ። ስለዚህ ነገሩን እንወቀው።

የጡት ወተት የሚያልፍበት ቱቦ ዙሪያውን በስስ የሕዋሳት አጥር የተከበበ ነው። አጥሩ እየተኮማተረ ወተቱን ይገፋል፤ የሚያኮማትረውም ማዮሲን የሚባል፣ እንደ ሞተር የሚሠራ ፕሮቲን ነው። ካንሰር በቱቦው ውስጥ እንዳለ አጥሩ ይኖራል፤ ጥሶ ሲወጣ ግን ይጠፋል። ሕክምናውም በዚህ ይለያያል።

በተለመደው ቀለም አጥሩ በደንብ አልለይ ሲል፣ ላቦራቶሪው ይህን ማዮሲን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይጠቀማል። አንድን ነገር ብቻ የሚለይ አንቲቦዲ እንደ ልብ ማምረት የተቻለው ኮለርና ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ዘዴ ነው፤ በ1984 ኖቤል ተሸልመውበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ፣ በሰም ተይዞ፣ እጅግ ስስ ሆኖ ይቆረጣል። አንቲቦዲው ሲጨመርበትና ቀለም ሲሰጠው ማዮሲን ያለበት ቦታ ቡናማ ይሆናል። ቡናማው ቀለበት ቱቦውን ከከበበ አጥሩ አለ ማለት ነው። «አንቲቦዲው ባይሠራስ?» ትሉ ይሆናል። የደም ሥር ግድግዳም ይኸው ማዮሲን አለው፤ እሱ ቡናማ ካልሆነ ሥራው ይደገማል። ሐኪሙም በአንድ ቀለም ብቻ አይፈርድም፣ ከሌሎች ጋር ያመዛዝናል።

ስለሆነም፦

1ኛ/ «ተጨማሪ ምርመራ» ፍርድ አይደለም፤ ሐኪሙ እየተጠነቀቀ ነው።

2ኛ/ ምርመራው በየሐኪም ቤቱ ስለማይገኝ ሊዘገይ ይችላል። መዘግየቱን እንደ መርዶ አንቁጠረው፤ ቀጠሮውን ግን አናሳልፍ።

3ኛ/ ብዙውን ጊዜ የሚመረመረው ያው በሰም የተቀመጠው ናሙና ስለሆነ እንደገና መወጋት አያስፈልግም። ሐኪም ቤት ስንቀይር ናሙናውን እንጠይቅ።

ውጤት ለመውሰድ ብቻዋን የምትሄድ እህት አትኑር፤ አንዳችን አብረናት እንሂድ።