ሩጫ፣ ብስክሌት፣ እንደገና ሩጫ

ዱአትሎን በሩጫ ተጀምሮ፣ በብስክሌት ቀጥሎ፣ በሩጫ የሚያልቅ ውድድር ነው። አጭሩ ርቀት በተለምዶ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 2.5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ዋና ስለሌለበት፣ መዋኘት ለማያውቅ የደጋ ልጅ እሰየው!

ከጓደኞቹ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ግን የሚከብደው ያቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ርቀት ናት። ከብስክሌት ሲወርዱ እግር የራስ አይመስልም። ፔዳል ሲመታ የቆየ ጭን ለሩጫ ቶሎ አይታዘዝም፤ ባት ይከብዳል፣ እርምጃ ያጥራል። ታግሶ በአጫጭር እርምጃ መቀጠል ነው፤ ቀስ በቀስ ይፈታል። ይህን ለብቻ መለማመድ ይቻላል፤ እኔ ግን አብሮ መለማመድን እመርጣለሁ። ጠዋት መኪና ሳይበዛ መጋለብ፣ ወርዶ ወዲያው ጥቂት መሮጥ። አጠገብ «አይዞህ፣ ያልፋል» የሚል ሰው ሲኖር በእርግጥም ያልፋል።

በውድድሩ ቀን የራስ መከላከያው ሳይታሰር ብስክሌት ከማቆሚያው አይነሳም። በብዙ የአማተር ውድድሮች ከጓደኛ ጀርባ ተጠግቶ መጋለብም ክልክል ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ ነፋሱን ለብቻው ይችላል። እናንተ ቀድማችሁ የገባችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ አትበተኑ፤ የመጨረሻው ጓደኛችሁ እስኪደርስ መስመሩ ላይ ቆማችሁ ስሙን ጥሩ።