የልስን ጌጥና የግድግዳው ጠባይ
(ለማኅበሩ አባላት በኮልፌ ቀራንዮ የተደረገ ንግግር)



ስለ ግድግዳና ስለ ኮርኒስ ጌጥ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂት ቅር ብሎኝ ነበር። እኛ መሐንዲሶች ስለ መሠረትና ስለ ዓምድ ብንጠየቅ ደስ ይለናል፤ ልስኑ የግንበኛው፣ ጌጡም የባለቤቱ ጉዳይ ነው ብለን ማለፍ ልማዳችን ነው። ይሁን እንጂ ነዋሪው ቀን ከሌት የሚያየው ልስኑን እንጂ መሠረቱን አይደለም። ከዚህም በላይ በዚሁ ነገር የሠራሁት አንድ ስሕተት ስላለ፣ ግብዣውን የተቀበልሁት እርሱን በእናንተ ፊት ለመናገር ጭምር ነው።

ያደግሁት እዚሁ ኮልፌ፣ ከአጣና ተራ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። የቤታችን አሠራር ለሁላችሁም የታወቀ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፣ ማገር ይመታበታል፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይመረግበታል። ጭቃው እንዲሰነብት የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ጭዱ በከፊል ሲበሰብስ ጭቃው ይበልጥ ተጣባቂ ይሆናል፤ ያልበሰበሰው ጭድ ደግሞ ምርጊቱ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ እንዳይረግፍ አስሮ ይይዘዋል። የመጨረሻው ልስን በእኛ ቤት የእናቴ ሥራ ነበር። አፈሩን በወንፊት ነፍታ፣ ከእበትና ከአመድ ጋር ለውሳ በመዳፏ ትለስናለች። ልስኑ ሳይደርቅም ከመደቡ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በሦስት ጣቶቿ ቅስት በቅስት ላይ እየደረበች ዙሪያውን ትሄዳለች። ማታ ኩራዝ ሲበራ ያ ግድግዳ የሚንቀሳቀስ ይመስለኝ ነበር።

የዚህ ጌጥ ምሥጢሩ ጥላ ነው። የቅርጹ ከፍታ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንኳ ብርሃኑ ከጎን ከመጣ ጥላው ጎልቶ ይታያል፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ከመጣ ግን ብዙ የተደከመበት ሥራ ሜዳ መስሎ ይቀራል። ስለዚህ ቅርጽ የሚወጣበትን ግድግዳ ከመምረጥ በፊት መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነና መብራቱ የት እንደሚሰቀል ማየት ያስፈልጋል። ይኸው ሕግ ሌላም ነገር ያስረዳል። ልሙጥ ልስን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ጉድለቱን ሁሉ ያሳብቃል፤ ቅርጽ ያለው ግን ጉድለትን ይደብቃል። በሥራችን አካባቢ «ቱንቢው ባይገጥም ግድ የለም፣ ኳርትዝ ይመታበታል» ሲባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም።

በኮንዶሚኒየም ቤቶች ይህ ነገር በብዛት ይታያል። ወለሉ አስቀድሞ ተዘጋጅተው በተደረደሩ የኮንክሪት ወራጆችና በመካከላቸው በሚገቡ ባዶ ሆድ ብሎኬቶች ሲሠራ፣ ከታች ያለው ልስን ሁለቱ በሚጋጠሙበት መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ደንግጦ ባለሙያ ይጠራል፤ ባለሙያውም ጎርበጥባጣ ቀለም ቀብቶ ስንጥቁን ይሰውረዋል። ስንጥቁ የልስን ብቻ ከሆነ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ልስኑን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ መትቶ ድምፁን ሳያዳምጡ መሸፈን ነውር ነው እላለሁ። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን ከኮንክሪቱ ተላቋል፤ በላዩም የሚጨመረው ጌጥ ክብደት ብቻ ነው።

ስለ ክብደት ካነሣሁ ዘንድ አንድ ቀላል ስሌት ልጥቀስ። የደረቀ ጀሶ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 1 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የሲሚንቶ ልስን ደግሞ 2 ኪሎ ግራም ገደማ። ርዝመቱም ወርዱም 4 ሜትር በሆነ ክፍል ኮርኒስ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ጀሶ ብናለብስ 160 ኪሎ ግራም፣ በሲሚንቶ ቢሆን 320 ኪሎ ግራም ከሰው ራስ በላይ ሰቀልን ማለት ነው። የወላጆቻችን ኮርኒስ አቡጀዴ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ነበር፤ ቢረግብና አይጥ ቢጋልብበትም ወድቆ ሰው አይገድልም።

ጀሶ ለኮርኒስ መልካም ነገር ነው። ድንጋዩ በዓባይ በረሃ፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል በሰፊው ይገኛል። ወደ 150 ዲግሪ ሲሞቅ በውስጡ ካለው ውኃ ሦስት አራተኛውን ይለቃል፤ ዱቄቱ እንደገና ውኃ ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ነገር ግን ውኃ በጥቂቱም ቢሆን ያሟሟዋልና ቆርቆሮው በሚያፈስስ ቤት ወይም በመታጠቢያ ክፍል አይታመንም። ማዕድ ቤትም ቅርጽ ባይወጣበት እመርጣለሁ፤ ጥላሸት በየጉድጓዱ ገብቶ የሚያጸዳው ይጠፋል። በነገራችን ላይ፣ በእንግሊዝ አገር አርቴክስ የሚባለው የኮርኒስ ልስን እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ድረስ አስቤስቶስ ይገባበት ነበር። ልስኑ ሳይነካ ሲቀመጥ ብዙ አያሰጋም፤ ሲፋቅ ግን አቧራው ሳንባ ይጎዳል። አገሪቱ አስቤስቶስን ፈጽማ የከለከለችው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ምንጩ ያልታወቀ አሮጌ ልስን በደረቁ አትፋቁ የምለው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ደመወዜ የእናቴን ቤት በሲሚንቶ አስለሰንሁ። በጭቃው ላይ የዶሮ ሽቦ አስመታሁ፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ አስቦክቼ 2 ሴንቲ ሜትር አስለበስሁ፤ በላዩም በመጥረጊያ የሚረጭ ጎርባጣ ጌጥ አስወጣሁ። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ መረቀ። የዘነጋሁት ነገር አንደኛ ዓመት የተማርሁትን ነበር፤ የላይኛው ልስን ከሥሩ ካለው አካል በላይ መጠንከር የለበትም። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው ግን አብሮት አይሄድም። ከመሬት የወጣውና ከቆርቆሮው የገባው እርጥበትም መውጫ አጥቶ ከበስተኋላ ጭቃውን አላሸቀው። በሁለተኛው ክረምት፣ በነሐሴ አንድ ሌሊት፣ የጠረጴዛ ስፋት ያለው ልስን ተገንጥሎ እናቴ አልጋ ላይ ወደቀ። ስፋቱን ለክቼ ብሰላው 60 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። እርሷ ለጸሎት ተነሥታ ነበርና ዳነች።

በማግሥቱ ስብርባሪውን ስገለብጠው በጀርባው ላይ የሦስት ጣቶች ቅስት ተራ በተራ ታትሞ አገኘሁ። ሲሚንቶው የእናቴን ጌጥ እንደ ቅርጽ ማውጫ ቀድቶት ነበር። እናቴ አየችና «ይኸውልህ፣ ሸፍነኸው ኖሯል» ብላ ዝም አለች።

የቀረውን ሲሚንቶ አስነሣን፣ ቆርቆሮውን አስጠገንን፣ ውኃ እንዳይቋጥር በቤቱ ዙሪያ ቦይ አስቆፈርሁ። አዲሱ ልስን ጭቃና ጭድ፣ በላዩም ስስ የኖራ ቅብ ሆነ፤ ኖራ አየር እየሳበ ቀስ ብሎ የሚጠነክር፣ እርጥበትንም የሚያሳልፍ ስለሆነ ከጭቃ ጋር ይስማማል። አፈሩን የነፋሁት እኔ ነበርሁ። እናቴ በመዳፏ አሸት አድርጋ «ወፍራም ነው፣ ድገመው» አለችኝ፤ ደገምሁት። ቅስቶቹን ራሷ አወጣች።