ስኮርታ የሌለው መኪና

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለትራክት የተዘጋጀ)

ምንባብ፦ ማቴዎስ 25፥1–13

 

ዛሬ የምናወራው ስለ ስኮርታ ነው። አዎ፣ ስለ መኪና ስኮርታ! ጌታችን ስለ እርሾ፣ ስለ መረብ፣ ስለ መብራት ዘይት እየተናገረ የመንግሥቱን ምስጢር አስተምሯል። እኛም እስቲ ዛሬ በከተማችን መንገድ ላይ ከምናየው ነገር እንነሣ።

ከቦሌ በቀለበት መንገዱ ወደ ኢምፔሪያል፣ ከዚያም ወደ መገናኛ ወይም ወደ ገርጂ ስትሄዱ የምታዩአቸው መኪኖች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለውጠዋል። በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና በየቦታው ሆኗል። ድምፅ የላቸውም፣ ያምራሉ፣ ሲነሡ ደግሞ ይወረወራሉ። ታዲያ የብዙዎቹን የኋላ ኮፈን ብትከፍቱ ስኮርታ አታገኙም። ነገሩ ከእነዚህ ጋር ብቻ የመጣ አይደለም። እንደ ቢኤምደብሊው ኤም3 ያሉ ለፍጥነት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖችም ከብዙ ዓመት ጀምሮ ያለ ስኮርታ ተሽጠዋል።

ለምን? ምክንያት አለው። ጎማ ከነቸርኬው ይከብዳል። ቦታም ይይዛል፤ ያንን ቦታ ባትሪው ወይም ሌላ ዕቃ ይፈልገዋል። ፋብሪካውም ወጪ ይቀንሳል። ስለዚህ በስኮርታው ፋንታ አንድ ጠርሙስ የጎማ መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ የአየር መሙያ ያስቀምጥላችኋል። አንዳንዱ ደግሞ ተንፍሶም የሚሄድ ጠንካራ ጎማ ይገጥማል፤ እሱም ቢሆን በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ሳይበልጡ ቢነዱት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ቢያስኬድ ነው። ስልክ ሲደወል የሚጎትት መኪና ቶሎ በሚደርስበት አገር ይህ ይበቃ ይሆናል። ከጎሮ ተነሥቶ ቱሉ ዲምቱን አልፎ፣ ቤተሰቡን ጭኖ፣ ወደ ሐዋሳ ወይ ወደ ባሌ ለሚወርድ ሰው ግን አይበቃም።

ሰው መኪና ሲገዛ ስለ ባትሪው ይጠይቃል፣ ስለ ስክሪኑ ይጠይቃል፣ በስንት ሰከንድ መቶ እንደሚገባ ይጠይቃል። ስለ ስኮርታው የሚጠይቀው መቼ ነው? ጎማው የተነፈሰ ቀን!

አንደኛ፦ የተሰበከልን ወንጌል ለክፉ ቀን የያዘው ነገር አለ?

ስኮርታ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ትምህርት አለ። ጸሎትን ስኮርታ አታድርጉት፣ ችግር ሲመጣ ብቻ አትፈልጉት የሚል። ልክ ነው። ጌታ የሕይወታችን ባለቤት ነው እንጂ ኮፈን ውስጥ የሚቀመጥ መጠባበቂያ አይደለም። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የያዝነው ክርስትና ራሱ ለመከራ ቀን የሚሆን ነገር አለው ወይ?

በየአዳራሹ የሚሰማ አንድ ስብከት አለ። ፍጥነት አለው፣ ይስባል። ይህ ዓመት የእናንተ ነው፣ ቪዛው ይመጣል፣ ቤቱ ይገኛል፣ በሽታው በሦስት ቀን ይለቃል ይላል። እግዚአብሔር ይባርካል ወይ? ይባርካል! ይፈውሳል ወይ? ይፈውሳል! ሃሌ ሉያ! ነገር ግን ጾማ ጸልያ፣ አልቅሳ፣ በመጨረሻ ልጇን የቀበረች እናት ይህንን ስብከት ብቻ ይዛ ወዴት ትሂድ? አንዳንዶቻችን ደግሞ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን “እምነትሽ ስላነሰ ነው” እንላታለን። ይህ ማለት እኮ በጨለማ መንገድ ጎማው የተነፈሰበትን ሰው አይተን፣ መስኮት ዝቅ አድርገን ተቆጥተነው እንደ ማለፍ ነው። ያቺ እናት እግዚአብሔር አልጣላትም። የጎደለው የተሰጣት ስብከት ነው።

ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ እንዲህ አላደረገም። አልፎ በተሰጠባት ሌሊት፣ በዓለም ሳላችሁ መከራ ያገኛችኋል ብሎ ቀድሞ ነገራቸው። ወዲያውም እርሱ ዓለምን እንዳሸነፈ ነግሮ አበረታታቸው (ዮሐንስ 16፥33)። መከራውን አልደበቀም፤ ሰላሙንም አላስቀረም። ሙሉ ወንጌል ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ፦ ፈሳሹ የሚደፍነው ትንሽ ቀዳዳ ነው

ያ ጠርሙስ ሥራ የለውም አልልም። ሚስማር መንገዱን በሚነካው የጎማው ክፍል ላይ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ቢበሳ ይደፍነዋል። የጎማው ጎን ከተቀደደ ግን አይሠራም። ጎማው ከፈነዳም አይሠራም። በዚያ ላይ የአገልግሎት ጊዜ አለው፤ ዓመታት አልፈውት ከሆነ በችግር ቀን ደርቆ ታገኙታላችሁ።

እኛም ለነፍሳችን እንዲህ ያሉ ጠርሙሶች አሉን። የአንድ ምሽት ኮንፈረንስ፣ ልብ የሚያሞቅ መዝሙር፣ ጠዋት በስልክ የምትላክ አጭር ቃል። መልካም ናቸው፤ ለትንሽ ቀዳዳ ይረዳሉ። ነገር ግን ትዳር ሲቀደድ፣ የምታምኑት ወንድም ሲከዳ፣ ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ ዝም ሲል፣ የአምና ኮንፈረንስ አይደፍነውም።

ሦስተኛ፦ ስኮርታ በልክ ነው፤ የሰው አይገጥምም

ጎሚስታ ዘንድ ሄዳችሁ “ስኮርታ ፈልግልኝ” ብትሉት፣ ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ መጀመሪያ የሚያየው መኪናችሁን ነው። ብሎኑን ይቆጥራል። አምስት መሆኑ ብቻ አይበቃውም። ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ በአንዱ መኪና 112 ሚሊ ሜትር፣ በሌላው 114.3 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይለይም፤ ግን አይገጥምም! የመካከሉን ቀዳዳ ይለካል። የጎማው ቁመት ከሌሎቹ ጋር መቀራረቡን ያያል። ፈጣን መኪና ደግሞ የፊት ፍሬኑ ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ቸርኬ ፍሬኑን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ከፊትም ከኋላም ገጥሞ፣ በእጁ አሽከርክሮ ይሞክረዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ክሪኩን ባትሪው ሥር አያስገባም፤ ፋብሪካው ባመለከተው ቦታ ብቻ ነው የሚያነሣው። በመጨረሻም ስኮርታው ኮፈን ውስጥ በደንብ ይታሰራል። ያልታሰረ ጎማ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ኋላ ወንበር ላይ ወዳሉት ልጆች ነው የሚመጣው።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ሥራ የሚሠራው በቀን፣ በሰላም ጊዜ ነው። ሌሊት በዝናብ መንገድ ዳር ስትቆሙ፣ አንድ ደግ ሹፌር ቆሞ “የእኔን ስኮርታ ውሰድ” ቢላችሁ እንኳ ላይገጥም ይችላል። ሰውየው ንፉግ ሆኖ አይደለም። ልኩ የእሱ መኪና ልክ ስለሆነ ነው።

አሁን አሥሩን ቆነጃጅት አስቡ። ብዙ ሰው አምስቱን ልባሞች “ምናለ ትንሽ ቢያካፍሉ” ብሎ ይታዘባቸዋል። ግን አስተውሉ። አሥሩም መብራት ነበራቸው። አሥሩም ሙሽራውን ይጠብቁ ነበር። አሥሩም እንቅልፍ ጥሏቸዋል! በውጭ ሲታዩ ልዩነት አልነበራቸውም። ልዩነቱ ከመብራቱ ጋር አብሮ በተያዘው ማሰሮ ነበር። በእኩለ ሌሊት ደግሞ ያ ማሰሮ የሚካፈል ነገር አልነበረም።

ወንድሜ፣ የእናትህ ጸሎት በረከት ነው፤ ግን የአንተ ጸሎት አይደለም። እህቴ፣ የመጋቢሽ እምነት ያበረታሻል፤ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኝታ ቤትሽ ውስጥ የለም። ዳዊት ጺቅላግ ሲደርስ ከተማዋ ተቃጥላለች፣ ቤተሰቡ ተማርኳል፣ የገዛ ሰዎቹም በድንጋይ ሊወግሩት ይነጋገራሉ። ማን ያጽናናው? ማንም። ያን ቀን ዳዊት ብርታትን ያገኘው በአምላኩ ነው (1 ሳሙኤል 30፥6)። ይህ በዚያን ቀን የተጀመረ ትውውቅ አልነበረም። በጎች ሲጠብቅ፣ ማንም ሳያየው የተጀመረ ነው።

በአገራችንም አይተነዋል። በ1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። መድረኩ፣ ማይኩ፣ ወንበሩ ሁሉ ተወሰደ። ከምእመናኑ ጋር የቀረው በልባቸው የያዙት ቃልና በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሆነው የሚጸልዩት ጸሎት ነበር። በ1983 ዓ.ም. ያ ዘመን ሲያልፍ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከተዘጋችበት ጊዜ በብዙ እጥፍ በዝታ ወጣች። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ነገ አዳራሹ ቢዘጋብን፣ እኛ ዘንድ የሚቀረው ምንድን ነው?

አራተኛ፦ በስኮርታ የሚነዳ ሰው በዝግታ ይሂድ

ትንሹ ስኮርታ ላይ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር አትለፉ የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ሥራው እስከ ጎሚስታ ማድረስ ነው። በእሱ ላይ እንደ ድሮው የሚበር ሰው ራሱንም ሌላውንም ይጎዳል።

ኤልያስ ደክሞት ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር መጀመሪያ ያደረገው ምን ነበር? አስተኛው። በመልአኩ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው። እንደ ገና ተኛ፤ እንደ ገና አበላው። ሥራ የሰጠው በኋላ ነው (1 ነገሥት 19፥5–16)። እኛ ግን ባሏን የቀበረችውን እህት በሳምንቱ “ኳየር ለምን ቀረሽ?” እንላለን። ተዉአት፣ ቀስ ብላ ትሂድ! በዝግታ መሄዷ አለማመን አይደለም።

ጎሚስታን አይታችኋል አይደል? የተነፈሰ ጎማ ያመጣን ሰው አይሰድብም። ጎማውን ውኃ ውስጥ ይነክራል፣ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ በትዕግሥት ይፈልጋል፣ እዚያው ላይ ይደፍነዋል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለች ቦታ ትሁን። የተነፈሰ ሰው ተደብቆ የሚቀመጥባት ሳይሆን፣ ይዞ የሚመጣባት።

ታዲያ ዛሬ ምን እናድርግ?

መኪና ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ኮፈኑን ክፈቱና እዩ። ስኮርታ ከሌለው፣ ረጅም መንገድ ሳትወጡ አስለክታችሁ ያዙ። ቤተሰብን መጠበቅ መንፈሳዊ ሥራ ነው።

ሁላችንም ደግሞ፣ መኪና ያለንም የሌለንም፣ የልባችንን ኮፈን እንክፈት። በዚህ ሳምንት አንድ መዝሙር ከመዝሙረ ዳዊት መርጣችሁ በቃላችሁ ያዙ፤ መብራት ቢጠፋ፣ ስልክ ቢዘጋ ከእናንተ አይጠፋም። ማንም በማያያችሁ ሰዓት ከጌታ ጋር ለመሆን ጊዜ ለዩ። ሌሊት ቢሆን እንኳ ደውላችሁ “ጸልዩልኝ” የምትሏቸው ሁለት ሰዎች ይኑሯችሁ፤ እናንተም ለሌላው እንደዚያ ሁኑ።

ጌታን የግል አዳኝህ አድርገህ ያልተቀበልክ ወንድሜ፣ ያልተቀበልሽ እህቴ፣ ሕይወታችሁ አሁን በፍጥነት እየሄደ ይሆናል፤ ሥራው ተሳክቶ፣ ቤቱ አምሮ። እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ለዚያች ሌሊት ምን ይዛችኋል? ኢየሱስ ክርስቶስ ኃጢአታችሁን በመስቀል ተሸክሞ፣ ሞትን ድል አድርጎ ተነሥቷል። በሩ ገና አልተዘጋም። አሁን ቀን ነው።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ መከራውን ሳትደብቅ ሰላምህን ስለ ሰጠኸን እናመሰግንሃለን። የሰው ዘይት እየተዋስን የኖርንበትን ዘመን ይቅር በለን። በቀን ሳለን የራሳችንን ማሰሮ እንድንሞላ እርዳን። ዛሬ በጨለማ መንገድ ዳር የቆመውን ልጅህን አስብ፤ እኛንም ወደ እርሱ ላከን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።