ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ስለሚሮጥ የኮምፒዩተር ማስታወሻ
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



በሀብሩ ወረዳ በመርሳ ከተማ ከአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ የሒሳብ ሹም ወዳጄ፥ ኮምፒዩተራቸው ጧት ደኅና ውሎ፥ የቆላው ሙቀት በሚበረታበት በቀትር ግን ሰማያዊ ገጽ እያሳየ ድንገት ስለሚቆምባቸው ምክር ጠየቁኝ። ሄጄ ባየሁት ጊዜ፥ መሣሪያው ቀድሞ ከነበሩት ሁለት የራም ካርዶች ላይ ሌላ ዓይነት ሁለት ተጨምረውለት፥ አንድ ትጉህ ወጣትም በባዮስ ውስጥ ኤክስ ኤም ፒ የተባለውን ከፍቶ፥ በሴኮንድ 3,600 ሚሊዮን ዝውውር እንዲያደርግ አዝዞት ኖሯል።

ኤክስ ኤም ፒ ማለት የካርዱ ሠሪ ያዘጋጀው የፍጥነት ሰንጠረዥ ነው፤ በማናቸውም ማዘርቦርድና ፕሮሰሰር ላይ ይጸናል ማለት ግን አይደለም። ዲዲአር 4 የተባለው ራም በመደበኛው ደንብ የሚሠራው በ1.2 ቮልት ሲሆን የፍጥነቱም ወሰን 3,200 ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ 1.35 ቮልት ይሰጠዋል። አራት ካርድ መምራትም ሁለት ከመምራት ይልቅ ለፕሮሰሰሩ ይከብደዋል። ሙቀት ሲጨመር ደግሞ በራሙ ውስጥ የተቀመጠው ጥቂት ኤሌክትሪክ ፈጥኖ ያፈተልካል።

የመሣሪያው መቆም ትንሹ ጉዳት ነው። የሚያስፈራው ሳይቆም ሲሳሳት ነው። 5,120 የሚለው ሙሉ ቁጥር በኮምፒዩተር ዘንድ 4,096 እና 1,024 ተደምረው ነው፤ ከምልክቶቹ አንዲቱ ብቻ ብትጠፋ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ 1,024 ብር ሆኖ ይመዘገባል፤ የሚያስጠነቅቅም የለም።

ወዳጄ አስቀድመው መዝገቡን በሌላ ዲስክ ላይ ለማስቀመጥ ቸኮሉ። እኔ ግን በታመመ ራም በኩል የሚያልፍ ቅጅ ራሱ ሊበላሽ ስለሚችል፥ በመጀመሪያ ኤክስ ኤም ፒን ዘጋሁ፤ ቅጅው የተወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። (መሣሪያው ጨርሶ አልነሣ ያለው ሰው ኤሌክትሪኩን ነቅሎ፥ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ቢያወጣት ባዮሱ ወደ ቀድሞው ሥርዓት ይመለሳል።)

ቀጥሎም ሜምቴስት የተባለውን መመርመሪያ ከፍላሽ አስነሥተን አራቱን ካርዶች በመደበኛው ፍጥነት ሌሊቱን በሙሉ ፈተንናቸው፤ አንድም ስሕተት አልተገኘም። በማግሥቱ በቀትር የቀድሞዎቹን ሁለቱን ብቻ በ3,600 ፈተንን፤ እነርሱም አለፉ። አራቱን በአንድነት በዚያው ፍጥነት ባስሮጥናቸው ጊዜ ግን ገና ሰዓት ሳይሞላ ቀይ መስመር ወጣ። በዚህ ፈተና አንድ ስሕተት እንኳ እንደ ውድቀት ይቈጠራል። እንግዲህ ካርዶቹ ጤነኞች ነበሩ፤ የማይስማማቸው በዚያ ፍጥነት አብሮ መሥራት ነበር።

ወጣቱ ቮልቱን ከፍ እናድርግለት ብሎ ነበር፤ ይህ ሙቀቱን ስለሚጨምር፥ ለሒሳብ ሥራም ያ ትርፍ ፍጥነት እምብዛም ስለማይታወቅ አልተቀበልሁትም። አራቱም በመደበኛው ፍጥነት እንዲሠሩ ተደረገ። ወዳጄም ያለፉትን ወራት የደመወዝ ዝርዝር ከተፈረመበት ወረቀት ጋር መስመር በመስመር ማመሳከር ጀመሩ፤ እኔ ከመርሳ ስነሣ ሁለተኛውን ወር ገና አልጨረሱም ነበር።