የቆሰለውን ቀበሮ ማን ያስታምመዋል?
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተጻፈ)

 

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ሥራ ነው። ሥራው ሁለት ስም አለው። አንደኛው የዱር እንስሳት ተንከባካቢ ረዳት ይባላል። ሁለተኛው የተፈጥሮ አስተማሪ ይባላል። ሲሰሙት ሁለት የተለያየ ሥራ ይመስላል። እንስሳ ማስታመም ሌላ፣ ሰው ማስተማር ሌላ። እኔ ግን አንድ ሥራ ነው እላለሁ። የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ስለሆንኩ ለሙያዬ ያደላሁ እንዳይመስላችሁ። ነገሩን ስሙና እናንተው ፍረዱ።

እስቲ ወደ ስሜን ተራሮች እንሂድ። በ2012 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ በጥይት ተመቶ ተገኘ። እግሩ ተሰብሯል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በእግሩ ነው የሚበላው። አድብቶ፣ ሮጦ፣ ዘሎ አይጥ ካልያዘ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ እግሩ የተሰበረ ቀበሮ የሞተ ያህል ነው።

ከዚያ በፊት ቀይ ቀበሮን ይዞ፣ አክሞ፣ አድኖ ወደ ዱር የመለሰ ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት ግን ተሞከረ። ቀበሮው በመጠለያ ውስጥ ገባ። ሐኪም አየው። 51 ቀን ተጠበቀ፣ ታከመ፣ ተመገበ። ስምም ወጣለት። ተረፈ ተባለ። ይህ ስም በአገራችን ለማን እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ወንድም እኅቶቹ ሞተውበት እሱ ለቀረ ልጅ ነው።

እንግዲህ የተንከባካቢው ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሐኪሙ መጥቶ፣ አጥንቱን አይቶ፣ መድኃኒት ሰጥቶ ይሄዳል። ከእንስሳው ጋር የሚውለውና የሚያድረው ረዳቱ ነው። የሚጠርግ እሱ ነው። ውኃ የሚለውጥ እሱ ነው። ሥጋውን መዝኖ የሚያስገባ፣ የተረፈውን መዝኖ የሚያወጣ እሱ ነው። ሥራው ቆሻሻ አለው፣ ሽታም አለው። ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ረዳቱ ደብተር መያዝም አለበት። ለምሳሌ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ጧት 1 ሰዓት። ሥጋውን ግማሽ በላ። ውኃ ጠጣ። የታመመውን እግር አልረገጠም። መድኃኒት ተሰጠው።» አምስት አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ግን ማታ ተረኛው ሌላ ሰው ነው። የመጨረሻዋ መስመር ባትጻፍ፣ ያ ሰው መድኃኒቱን ደግሞ ይሰጠዋል። የሁለት ጊዜ መድኃኒት በአንድ ቀን የታመመ እንስሳ ሊገድል ይችላል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተውን ልንገራችሁ። እንስሳ የሚወድ ሰው ጥሩ ተንከባካቢ ይሆናል ብለን እናስባለን። ሁልጊዜ አይደለም። የዱር እንስሳ አይታሽም። በስሙ እየጠሩ አያጫውቱትም። ምግቡን ከእጅ አይበላም። ተንከባካቢው ቶሎ ይገባል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ቶሎ ይወጣል። ለምን? ሰውን መፍራት ለዱር እንስሳ ጋሻው ነው። ይህን ጋሻ በፍቅር ከገፈፍነው፣ በተለቀቀ ማግሥት ወደ መንደር ይመጣል። መንደር ውስጥ ውሻ አለ፣ ዱላ አለ፣ ጠመንጃ አለ። ስለዚህ ሞያው እየወደዱ መራቅ ነው። ከባድ ነው። እኔ በበኩሌ የምችለው አይመስለኝም።

ጋሻው የተገፈፈ እንስሳ ማየት የሚፈልግ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሆለታ በኩል እንስሳ ኮቴ የሚባል ማእከል አለ። እዚያ አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች አሉ። ከሕገ ወጥ ነጋዴና በሰንሰለት አስሮ ከሚያኖር ሰው እጅ የተወሰዱ ይገኙባቸዋል። ግልገል ሆነው ከእናታቸው ስለተነጠቁ አደን አልተማሩም። ስለዚህ ብዙዎቹ ወደ ዱር አይመለሱም። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ይቀልባቸዋል። አንበሳ ሥጋ ይበላል፤ ወጪውን እናንተው አስቡት።

ተረፈ ግን ተመለሰ። በ51ኛው ቀን ግድም፣ የት እንዳለ የሚናገር መሣሪያ አንገቱ ላይ ታስሮለት ወደ ተራራው ተለቀቀ። በኋላም ሴት አግኝቶ ቤተሰብ መሠረተ።

ታዲያ የቀበሮው እግር ዳነ። ጥይቱስ? ጥይቱ ነገም አለ። አንዱን ቀበሮ 51 ቀን አስታምመን ስንለቀው፣ በማግሥቱ ሌላው ቢመታ ምን ሠራን? የሥራው ሁለተኛ ስም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ክፍል ውስጥ ልጆችን «ቀይ ቀበሮ ምን ይበላል?» ብላችሁ ጠይቁ። «በግ!» ብለው ባንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ይህን ከአባት ከእናታቸው ሰምተውት ነው። ሰዎች ደግሞ በባሌ ተራሮች የቀይ ቀበሮን እዳሪ እየለቀሙ መርምረዋል። በውስጡ ያገኙት ጠጉርና አጥንት ከ100 እጅ ከ90 በላይ የአይጥና የፍልፈል ነው። ብዙውን ጊዜ በግ የሚፈጁት ጅብና ተራው ቀበሮ ናቸው። ቀይ ቀበሮ ቁመቱ ረዘም ያለ ነው። መልኩ ቀይ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። በማታ ብርሃን ግን ቀበሮ ሁሉ አንድ ይመስላል። ስለዚህ በሌላው ጥፋት ይመታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ገበሬውን «ቀይ ቀበሮ በግ ፈጽሞ አይነካም» ብላችሁ እንዳትነግሩት። አንዳንዴ ጠባቂ የሌላት ግልገል ይወስዳል። ገበሬው ያንን በዓይኑ ካየ የቀረውንም ትምህርት አያምናችሁም። እውነቱን ሙሉውን ንገሩት። ግልገሎች እረኛ ይኑራቸው፤ ሌሊት በረት ይግቡ በሉት። ጅቡንም የሚመልሰው ይኸው ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። የሚኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ነው። ቁጥሩ 500 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ ነው። ጥይት ብቻ አይደለም የሚፈጀው። የባሰው ጠላቱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

በባሌ ወብ በሚባለው ሸለቆ በ1995 ዓ.ም. መጨረሻና በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ ይህ በሽታ ገባ። ያመጣው የሰው ውሻ ነው። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ ሲገናኝ ይላላሳል፣ አፍ ለአፍ ይነካካል። አንዱ ሲታመም ለሌላው ያቀብላል። በጥቂት ወራት ውስጥ በሸለቆው ከነበሩት ከ4ቱ 3ቱ ያህል አለቁ። ያን ሁሉ ቀበሮ በመጠለያ ማስታመም አይቻልም። መድኃኒቱ ውሻን መከተብ ነው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በሥጋ ውስጥ ክትባት እየደበቁ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው መስጠት ተጀመረ። ያም ቢሆን የውሻው ክትባት አይቀርም። ውሻውን ይዞ የሚያቀርበው ደግሞ ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ካላመነበት ውሻውን አያቀርብም። አያችሁ? ክትባቱ በመርፌ ከመሰጠቱ በፊት በአፍ ይሰጣል።

ይህ በሽታ እኛንም ይገድላል። የተጠረጠረ ውሻ ወይም አውሬ ከነከሳችሁ፣ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ማዳን አይቻልም። «ትንሽ ጭረት ናት» ብላችሁ አትዘግዩ።

ይህን ሥራ ማን ይሠራዋል? ሁሉም ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ አይደለም። በባሌም በስሜንም ቀበሮዎቹን እየተከታተሉ የሚቆጥሩ፣ መንደር ለመንደር የሚያስተምሩ የዚያው አገር ሰዎች አሉ። ከብት ጠብቀው ያደጉ ናቸው። ዱካ ያውቃሉ፣ የጉድጓዱን ቦታ ያውቃሉ፣ የጎረቤቱን ጠባይም ያውቃሉ። በዚያ ላይ የሚጨምሩት ደብተርና እርሳስ ነው። ከከተማ የመጣ አስተማሪ «አትግደሉ» ሲል ገበሬው በትሕትና አዎ ይለዋል። የራሱ ጎረቤት ሲነግረው ግን ይከራከረዋል። ክርክሩ ይሻላል።

እናንተም ቀጠሮ ሳትጠብቁ የምትሠሩት አለ። በጫካ ዳር ስትሄዱ የድኩላ ግልገል ብቻዋን ተኝታ ታገኙ ይሆናል። ሰው ያዝናል። «እናቷ ሞታባት ነው» ይላል። ተሸክሞ ቤቱ ይወስዳታል፣ የላም ወተት ያጠጣታል። ሆዷ ይበላሻል፣ ትቀጥናለች፣ ብዙ ጊዜም ትሞታለች። እናቷ ግን አልሞተችም። ድኩላ ግልገሏን ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ ለግጦሽ ትሄዳለች፤ ተመልሳም ታጠባታለች። ስለዚህ አትንኳት። ልጆቹንም ውሻውንም ይዛችሁ ራቁ። እናቲቱ እናንተ እስክትሄዱ ድረስ ከዛፍ ጀርባ ቆማ እየጠበቀች ይሆናል።